የሀደ ቦንቱን ስም የመዘገበው ሰው

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግርማ የሰጠኝ አንድ ብሩሽና አንድ ኪቦርድ ነው። «አቧራውን ጥረጊ፤ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ እግረ መንገድሽን ትይዣለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያዝኩ። የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማመልከቻ ከመጻፍ ተነስቼ ድረ ገጽ እስከ መሥራት የደረስኩት ሌላው ሲሠራ ከኋላው ቆሜ በማየት ነው።

ስለዚያ ቤት ደጉን ደጉን ማውራት እወዳለሁ። ይህን ስጽፍ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

አንድ የገበያ ቀን ከጎጆ ከተማ በአይሱዙ የመጡ እናት ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ታቅፈው ገቡ። «ሀደ ቦንቱ ነኝ» አሉኝ። በኦሮምኛ የቦንቱ እናት ማለት ነው፤ በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን ከወለደች ወዲያ በራሷ ስም የሚጠራት እምብዛም የለም። ጠጉሩን እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ይፈትላሉ፤ የሰፈር ሸማኔ ይሠራዋል። የአዲስ አበባ ገዢዎች «በኢንተርኔት የት እናግኝዎት?» እያሉ ስላስቸገሯቸው ነው የመጡት።

አቶ ግርማ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። «‹ግሎባል ሃይላንድ ብላንኬት ትሬዲንግ› እንበለው። ትልቅ ድርጅት ይመስላል።»

«ያ ዋቃዮ! በዚህ ስም ብጠራ እኔ ራሴ አልዞርም» አሉ።

ለድረ ገጽ አድራሻ ስም መምረጫ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። የታሰበውን ስም በስልክ ለሰው እናገራለሁ፤ አንዴ ሰምቶ በትክክል ከደገመልኝ ስሙ ይሆናል። ጌዶ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤ መስመሩ እንደ ልማዱ ይንኮሻኮሻል። የአቶ ግርማን ስም ደጋግሜ ብነግረው «ምን ጠጥተሽ ነው?» አለኝ። «ሀደ ቦንቱ» ስለው ግን «እሺ፣ ሀደ ቦንቱ፤ ምን ይሸጣሉ?» አለ። ስሙ ተመረጠ።

አድራሻ የሚገዛው ከውጭ አገር ድርጅት በካርድ ነው፤ ያኔ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው አምቦ ውስጥ አላውቅም። አቶ ግርማ ውጭ ያለ ወንድሙ አድራሻውን እንዲገዛ አደረገ፤ ሀደ ቦንቱም ዋጋውን ለአቶ ግርማ ሰጡ። በማን ስም እንደሚመዘገብ የጠየቀ አልነበረም። ታፔላ የጻፈ ሰው የሱቁ ባለቤት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ገጹን ሠራሁ፣ ብርድ ልብሶቹን ፎቶ አነሳሁ፤ ትእዛዝ መምጣት ጀመረ። ጥቂት ወር ቆይቶ ቀጥ አለ።

አንድ ቀን ሀደ ቦንቱ ሌላ ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። የአዲስ አበባ ደንበኛ «ጠጉር ነው ብለው ፕላስቲክ ሸጡልኝ» ብሎ ጎጆ ድረስ መልሶባቸዋል። ዳሰስኩት፤ የፋብሪካ ነው። ገጹን ስከፍት ፎቶዎቹ የእሳቸው ናቸው፤ ስልክ ቁጥሩ ግን የአቶ ግርማ ሆኗል። የይለፍ ቃሉም ተቀይሯል።

አቶ ግርማ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ስሙ የኔ ነው። የተመዘገብኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ቦንቱን አንተ ነህ ያማጥካት?» አሉት።

«ኢንተርኔት ምጥ አያውቅም፣ አዴ።»

ከኮምፒውተር ቤቱ ጎን ባለው ክፍል ሽማግሌ ተቀመጠ። ከመሃል የነበሩት ኦቦ ለሜሳ «በሬ ቢሆን ፈትተን እናስረክብ ነበር። ይሄ ነገር የት ነው የታሰረው?» ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ይመልስ ብለው ፈረዱ። አቶ ግርማ ተነስቶ የሀደ ቦንቱን ጉልበት ሳመ፤ ሽማግሌዎቹ መርቀው ተበተኑ። ሽማግሌ ፊት ጉልበት የሳመ ሰው ቃሉን ያጥፋል ብሎ የጠረጠረ የለም። ኮምፒውተሩ ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ «ና፣ አሁኑኑ አዙርላቸው» ያለው ሰው አልነበረም።

ወር አለፈ። ስጠይቀው «ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አለኝ። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

ሌላ ስም እንምረጥ፣ ሁለተኛ ልጅዎም አለች ብላቸው ሀደ ቦንቱ ተቆጡ። «አንዷን ወሰዱብኝ፤ ሌላዋን አልሰጥም። እኔ ራሴ ስም አለኝ እኮ! ጫልቱ ነኝ። ባሌ እንኳ ረስቶታል።»

ጫልቱ ተብሎ ተገዛ። የከፈለችልን ውጭ ያለች የአንድ አስተማሪ እህት ናት፤ ባለቤት ተብለው የተመዘገቡት ግን ራሳቸው ናቸው። የይለፍ ቃሉን በአንድ ጣታቸው ሲጽፉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ደንበኛ ሁሉ «ጫልቱ ደግሞ ማን ናት?» እያለ ከዜሮ ጀመሩ። አሮጌው አድራሻ በቦንቱ ስም ፕላስቲክ መሸጡን ቀጠለ፤ ያስቆመውም የለም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ስም ለመምረጥ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ማን እንደሆነ ስክሪኑ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ ግን ከወንበራችሁ አትነሱ።