አቧራ የማያስወጣ ሳጥን

ወንድሜ መጀመሪያ የተወው ሳቅ ነው። ድሮ ሲስቅ ከግቢ ውጪ ይሰማ ነበር። ሳቁ በሳል ማለቅ ሲጀምር ግን ከንፈሩን ገጥሞ ፈገግ ማለት ብቻ ለመደ። እኛ ቁም ነገረኛ ሆነ አልን። ዕድሜው አርባን አልፏል፣ ልጆቹም ደርሰዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ማናችንንም አላስገረመንም። ቀጥሎ የከበደው ዳገት ነው። ቤታችን የካ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት በታች ስለሆነ ከታክሲ ወርዶ ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። ወንድሜ መንገድ መሐል ይቆምና ስልኩን አውጥቶ የሚያነብ ይመስላል። የሚያነበው ነገር አልነበረም። የሚቆመው ትንፋሹ እስኪመለስለት ነበር።

የሥራ ቤታችን ካራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሥራችን ዝገት ማስለቀቅና ቀለም መቀባት። የመኪና ቸርኬ፣ የግቢ በር፣ የድሮ የብረት አልጋ፣ የወፍጮ ዕቃ፣ ዝገት የበላው ሁሉ ይመጣልናል። እሱ ዝገቱን በአሸዋ ይመታል፣ እኔ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስትና ቀለም እረጫለሁ። አሸዋ መምታት ማለት፣ ላላየው ሰው፣ የደረቀና የተነፋ አሸዋን በኮምፕሬሰር ነፋስ እየገፉ ብረት ላይ መርጨት ነው። አሸዋው ዝገቱንም አሮጌ ቀለሙንም ልጦ ብረቱን ንጹሕ ግራጫ አድርጎ ይተወዋል። ወንድሜ ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራው በቆርቆሮ በታጠረና በተከደነ ጓሮ ውስጥ ነው። አፍና አፍንጫውን በሻሽ ይጠመጥማል፣ ዓይኑ ላይ መነጽር ያደርጋል፣ በቃ። ሲጨርስ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነበር። ከጓሮው ጀርባ ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ጎመናቸው ላይ ስለሚያርፈው አቧራ ሲቆጡ፣ "አባባ፣ ጎመኑስ ይታጠባል" ይላቸው ነበር።

ሳሉ ሲጠናበት ሕክምና ሄደ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና መድኃኒት ጀመረ። አንድም ቀን ሳያጓድል ወስዶ ጨረሰ። ሳሉ ግን አልለቀቀውም፤ ሰውነቱ ብቻ አለቀ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲለው ሚስቱ አለቀሰች። እሱ ግን "ጾም ነው ያከሳኝ" አለ። ረመዳን ካለፈ ቆይቶ ነበር።

በኋላ ትልቅ ሆስፒታል አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ራጁን መብራቱ ላይ ለጥፋ ስታየው ቆየችና ወደ ወንድሜ ዞረች።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ብረት አጸዳለሁ።"

"በምን?"

"በአሸዋ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሸዋው ብረቱን ሲመታ እንደሚፈጭ፣ ለዓይን የማይታይ የድንጋይ ብናኝ እንደሚሆን፣ ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ እንደሚያበጅ ቀስ ብላ አስረዳችው። ሥራውን ከዛሬ ጀምሮ እንዲተው ነገረችው።

"ከተወው ይድናል?" አልኳት እኔ።

"እንዳይብስበት እንሞክራለን" አለች። ወንድሜ እግሩ ሥር ያለውን ወለል ያይ ነበር።

መገናኛ ስንደርስ ለታክሲ ተሰለፍን። ታክሲው ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ "አንቺስ ጓሮው ውስጥ ስትገቢ አልነበር?" አለኝ።

"አንተ ከጨረስክ በኋላ ነዋ የምገባው፣ ለቀለም።"

"አቧራው ግን እኔ ስጨርስ አይጨርስም ነበር" አለ። በሳምንቱ እኔንም ራጅ አስነሣኝ። ደህና ነሽ ስባል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የሥራ ቤቱ ይዘጋ አልኩ። ሚስቱም እንደዚያው አለች። እሱ ግን አልሰማንም። ስልኩ ላይ ያገኘውን ነገር እየደጋገመ ያሳየኝ ጀመር። ትልቅ የብረት ሳጥን ነው። የሚጸዳው ዕቃ ውስጡ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ሠራተኛው ውጪ ቆሞ እጁን ሳጥኑ ላይ በተገጠሙ ረጃጅም የጎማ ጓንቶች ውስጥ ያስገባል፤ በመስታወት እያየ ይሠራል። አቧራው እዚያው ይቀራል፣ የተረፈውንም መምጠጫ ማሽን ይስበዋል።

"ወንድምጋሼ፣ ሐኪሟ ተው አይደለም እንዴ ያለችህ?"

"እኔማ ተውኩት። ይሄ ላንቺ ነው።"

ያዘዘው ሳጥን ተፈታቶ በካርቶን መጣ። ወንድሜ ከመክፈታችን በፊት ጓሮው ውስጥ የተከመረው አሸዋ በሙሉ እንዲወጣ አዘዘ። በደረቁ እንዳይዛቅም ከለከለ። በውሃ እያራስኩ፣ ፊልትሮ ያለው ማስክ አጥልቄ፣ ቆርቆሮው ላይና ማገሩ ላይ የተጋገረውን ሁሉ አጠብኩ። ውሃው እንደ አጥሚት ወፍሮ ወደ ቦዩ ወረደ። በመጥረጊያ ልነካው ስል ከደጅ ጮኸብኝ፤ ጩኸቱም ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ በእጁ ምልክት ብቻ ይሰጠኝ ጀመር።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። እንጦጦ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መነጋገር አይቻልም። ወንድሜ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እገጥማለሁ። አብሮ የመጣው ወረቀት በቻይንኛ ስለሆነ ሥዕሉን ብቻ ነበር የምናየው። እግሮቹን፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደውን ሆድ፣ ጎኖቹን ተራ በተራ አቆምኩ። ብሎኖቹ ሁሉም ገብተው እስኪያልቁ በእጅ ብቻ እንድይዛቸው፣ ከዚያ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እየዞርኩ እንዳጠብቃቸው ነገረኝ፤ ያለበለዚያ ላሜራው ይጣመማል። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ሞላሁ። መስታወቱ ላይ አሸዋ እንዳያደበዝዘው ስስ ላስቲክ ለጠፍን። የመሬት ሽቦ አሠርን፤ የሚረጨው ቅንጣት በጎማ ቱቦው ውስጥ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም ሰውን ይነዝራል። የመምጠጫ ማሽኑን ቱቦ በግድግዳው በኩል አሳልፌ ሰው ከማያልፍበት ወገን አወጣሁት፣ መጨረሻው ላይም ፊልትሮ ገጠምኩ።

ሁሉም ሲያልቅ ወንድሜ ወደ ውስጥ ገባና የጓሮውን በር ዘጋን። አምፖሉን ሳጥኑ ውስጥ አበራን። ጨለማው ውስጥ ከቀኙ ጥግ በኩል እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ወጣ።

"ይኸው፣ እዚያ ጋ" አለ።

"ይቺ ናት እንዴ? ነገ በሲሊኮን እነካታለሁ።"

"እኔን የጣለኝ ከዚህች ቀዳዳ ያነሰ ነው። ፍቺው።"

ፈታሁት። ያንን ጎን አውልቄ አሮጌውን ሲሊኮን ፍቄ እንደገና ስገጥም ዝናቡ ቆሞ ነበርና ትንፋሹ ይሰማኛል። ጆንያ በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ዞሬ እንዳላየው ብሎኑ ላይ ዓይኔን ተከልኩ።

የወንዝ አሸዋ ሳጥኑም ውስጥ ቢሆን አልፈቀደም። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ጋርኔት የሚሉት ቀላ ያለ ቅንጣት አስመጣ። መጀመሪያ የመታሁት የሚኒባስ ቸርኬ ነው። ወንድሜን ግቢው በር ድረስ አራቅኩት። ማስኬን አጠለቅኩ፣ ጓንቶቹ ቀዳዳ እንደሌላቸው ዳሰስኩ፣ በሩን ቆለፍኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ዝገቱ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ቅርፊት ሲነሣ አየሁ። ስጨርስ በሩን ወዲያው አልከፈትኩም፤ መምጠጫው ውስጡን እስኪያጠራው ጠበቅኩ። ከዚያ ቸርኬውን ጠርጌ ወሰድኩለት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ቀለም ይይዛል" አለ። አገላብጦ ካየው በኋላም፣ "እኔ ይሄን ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ..." ብሎ ቸርኬውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ሳጥኑ ግን የግቢ በር አያስገባም፤ የጭነት መኪና ዕቃም እንደዚያው። ትልልቁን ሥራ ስንመልስ ደንበኞቹ የሚሄዱት አጥር ለሚያዋስነን ሰውዬ ነው። ሰውየው ሙያውን የተማረው ከወንድሜ ነው። አብረው ሲሠሩ ኖረው፣ አግብቶ ልጆች ሲወልድ የራሱን ከፈተ። እሱ አሁንም ሜዳ ላይ፣ በሻሽ፣ በወንዝ አሸዋ ነው የሚመታው። ነፋስ ከእሱ በኩል ሲመጣ አቧራው አጥሩን ዘሎ እኛ ግቢ ይገባል።

አንድ ቀን ወንድሜ ተነሣና ልሂድ አለ። ደግፌው ሄድን። ሰውየው ሲያየን ኮምፕሬሰሩን አጠፋ፤ ወንበር ፈልጎ አመጣለት።

"ጋሼ፣ ምነው ከቤት ወጡ? በዚህ ብርድ?"

"ይሄን ነገር ተወው" አለው ወንድሜ። "እየኝ። በደንብ እየኝ።"

ሰውየው አላየውም። ሻሹን ከአፉ አውርዶ ያጣጥፈው ጀመር።

"አላህ ይማርዎት ጋሼ። ግን እርስዎ ነቀርሳ ነው የያዘዎት፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አሸዋ ማንን ገድሎ ያውቃል? አባቶቻችን አፈር ላይ አይደል እንዴ የኖሩት?"

"እኔም እንደዚሁ እል ነበር።"

"የሳጥኑ ሥራ እኮ ለትንንሽ ዕቃ ነው። እኔ ቤት የሚመጣው በር ነው። በሩን እንቢ ብል ልጆቼን ምን ላብላቸው?"

ወንድሜ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳል ነው። ሰውየው ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። እስኪመለስ ድረስ ወንድሜ እጄን ጨምቆ ይዞ ነበር። ውሃውን ጠጥቶ አመስግኖት ተነሣ። ወደ ግቢያችን ሳንደርስ ኮምፕሬሰሩ እንደገና ሲነሣ ሰማን። "እልኸኛ ነው" አለኝ። "ያስተማርኩት እኔ ነኝ።" 

ከዚያ በኋላ ካራ አልመጣም። ዳገቱን የሚወርድበት አቅም አልነበረውም። ከመስኮቱ ሥር ትራስ ተደራርቦለት እንደተቀመጠ ይተኛል፤ ጋደም ካለ አየር ያጥረዋል። ማታ ማታ ስገባ ስለ ሥራ ይጠይቀኛል። ፊልትሮውን አራገፍሽ? ጓንቱን አየሽው? ላስቲኩን ለወጥሽ? አዎ እላለሁ። ይህን ብቻ ነበር የምናወራው፤ ሌላውን ለመናገር ሁለታችንም ፈራን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በፈጅር ሶላት ሰዓት፣ ሚስቱ ጠራችኝ። ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ስሜን ጠርቶ "መስኮቱን ክፈቺው" አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። ቢሆንም ሄጄ የከፈትኩ መስዬ ገፋ አደረግኩት። "አዎ፣ አሁን ደህና ነው" አለ። ፀሐይ ሳትወጣ ሞተ። ወንዶቹ ከዙህር ሶላት በኋላ ጀናዛውን ይዘው ሄዱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ፤ ቃሬዛው ኮረብታውን ሲወርድ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ከፊት ከያዙት አንዱ የካራው ጎረቤታችን ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሥራ ቤቱን ከፈትኩ። ሰውየው መጥቶ ሳጥኑን ዞሮ አየው። እጁን ጓንቶቹ ውስጥ አስገብቶ አወጣ።

"ሲሠሩበት ይዘገያል አይደል?" አለኝ።

"ይዘገያል።"

ራሱን ነቀነቀ። ፊልትሮ ያለው ማስክ ሰጠሁት። "ለጋሼ ስል አደርገዋለሁ" አለና ተቀበለኝ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እውነቱን እንደነበር አምናለሁ።

ማስኩን አንዳንድ ቀን አፉ ላይ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ ይሞቃል ይላል፣ ያፍናል ይላል። ሲጋራ ሲያጨስም አንገቱ ላይ ነው። ባለፈው ማስኩን እንዲያጠልቅ ልነግረው አጥሩ ጋ ቆሜ ጮክ ብዬ ተጣራሁ። አቧራው መሐል ሆኖ እጁን አነሣልኝ፤ ሰላም ያልኩት መስሎታል። ደግሜ ብጣራም በኮምፕሬሰሩ ጩኸት አልሰማኝም። ተመልሼ ገባሁና በሬን ዘጋሁ።