አፈር ሳይለብስ

ተገኘ! ሰው ተገኘ! እንኳን ደስ ያላችሁ!

የማን ምሥራች መሰላችሁ? የመዳቢዋ ነው። ሥራዋ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክት ወደሚሠራበት ቦታ ሁሉ የጥራት ኦዲተር መድቦ መላክ ነው። ያን ሳምንት ግን ሰሌዳዋ ላይ አንድ ሳጥን ባዶ ቀረ፤ የአዲሱ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ላይ የተነጠፈው ወፍራም ፕላስቲክ ሐሙስ አፈር ይለብሳል። ፕላስቲኩ እርስ በርሱ የተበየደበትን መጋጠሚያ ከዚያ በፊት ያላየ መቼም አያየውም። ከሥሩ ደግሞ ሰፈሩ የሚጠጣው ውኃ አለ።

አንዱ ኦዲተር ጉልበቱን ታሟል። አንዷ ሌላ ሳይት ናት። ሦስተኛው የሥራ ተቋራጩ አማች ስለሆነ ደንቡ አይፈቅድለትም።

«አንድ ሰው አለሽ እኮ» አላት አለቃዋ፤ «ቤትሽ ቁጭ ብሏል።»

ክው አለች። አባቷን ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት መጋጠሚያ ሲፈትሽ የኖረ ሰው ካምና ወዲህ መጋረጃ እንኳ አይገልጥም። እናቷ ስታርፍ እሱ ሩቅ ሳይት ነበር። መድባ የላከችው እሷው፣ በገዛ እጇ! ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ከሥራ እንደገባች ፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሰው አጣሁ።»

«ደግመሽ እኔኑ ልትልኪ?»

«አልልክህም። እየለመንኩህ ነው፤ የአዲሱ ጉድጓድ ፕላስቲክ አፈር ሊለብስ ነው።»

«መቼ ነው የሚለብሰው?»

«ሐሙስ።»

«አፈር ከለበሰ በኋላ ጸጸት ምን ይሠራል፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ረቡዕ ከሰዓት ደወለ። ከድምፁ ጋር ነፋስ ይሰማል።

«በሆዴ ተኝቼ አገኘሁት፤ መዳፍ የምታህል ክፍተት። ፎርማኑ ‹አባባ፣ ለዚህች ነው?› ይለኛል። ‹ልጄ፣ ውኃ እንዳንተ በር አይፈልግም› አልኩት። በየዳው እስኪታደስ እዚሁ ነኝ፤ ሹራቤን ላኪልኝ።»

«እሺ አባዬ።»

«ደግሞ ያን ቀን... አንቺ ምን ታውቂ ነበር።»

እንባዋ እየወረደ ባዶው ሳጥን ውስጥ የአባቷን ስም ጻፈች።

የአባትየው እህት ግን ገና አልሰማችም! ዓመት ሙሉ በሩን እያንኳኳች የተመለሰች ሴት፤ በሉ ልሂድ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልንገራት!