አልለወጥ ያለው ቀለም

ደብረ ታቦር በመምህርነት ከተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከምንም ነገር በላይ የፈለግሁት የሐሙስን ከሰዓት በኋላ ነበር። የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ክፍል ነበረው። ይህ ክፍል በየሳምንቱ በቋሚነት ባዶ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ያንን ሰዓት በኮምፒውተር ሥዕል ለሚሠሩ ተማሪዎች ክበብ ጠየቅሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለቢሮ ሠራተኞች የጽሕፈት ሥልጠና ሊያደርጉት አስበው ነበር።

«እንግዲህ አንድ ሐሙስ እሰጥሻለሁ» አሉኝ ቢሯቸው ስገባ። «መጥቼ አያለሁ። ተማሪዎቹ በእጃቸው የሠሩትን ካሳዩኝ ሰዓቱ ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።»

«ያሳዩዎታል» አልሁ። ጥርጥር የሚባል አልነበረብኝም።

ላስተምር ያሰብሁት ሼደር የሚባለውን ነው። ሼደር ምን እንደሆነ የማስረዳው ሁልጊዜ በፈተና አዳራሽ ነው። የኮምፒውተር ስክሪን ጥቃቅን ነጥቦች በረድፍ በረድፍ የተቀመጡበት አዳራሽ ነው እንበል። ለሁሉም ነጥቦች አንድ ዓይነት ወረቀት ይታደላል። ወረቀቱ ላይ «የተቀመጥህበትን ረድፍና ቁጥር አይተህ ቀለምህን አስላ» የሚል ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቱን ሳያይና ሳይጠይቅ የራሱን ቀለም ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ሥዕሉ በቅጽበት ይደርሳል። ሼደር ማለት ያ የትእዛዝ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ነጥቦቹ አይኮራረጁም ማለት ነው?»

«አይኮራረጁም።»

«እንግዲያው ከእኛ ክፍል አይደሉማ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ እንደገባቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሼደር የሚጻፍባቸው ትልልቅ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን አዲስ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይጠይቃሉ። የእኛ ኮምፒውተሮች አሮጌ ነበሩ፣ ኢንተርኔትም አልነበራቸውም። ስለዚህ በጣም ቀላሉን መጻፊያ መረጥሁ። መስኮቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ በኩል ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል ሥዕሉ ይታያል። የጻፉትን ሴቭ ሲያደርጉ ሥዕሉ ወዲያው ይለወጣል። ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ለጀማሪ የሚሆኑ ምሳሌዎችም፣ እያንዳንዱ ተሥሎ ካለቀ ሥዕሉ ጋር፣ አብረውት አሉ። በስልኬ አውርጄ፣ በላፕቶፔ ሞክሬ፣ ወደ ፍላሽ ገልብጬ ሰኞ ጠዋት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድሁ።

የክፍሉን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ። ድሮ የታይፕ መምህር ነበሩ፤ የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ እሳቸውም አብረው ተሻገሩ። ለአሥራ ስምንቱም ኮምፒውተሮች ከአቡጀዲ ልብስ አሰፍተውላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ያወልቁላቸዋል፤ ማታ ያለብሷቸዋል። የጭቃ ጫማ እዚያ ክፍል ውስጥ አይገባም።

«ፍላሽሽን መጀመሪያ በእኔ ኮምፒውተር ልየው» አሉኝ በሩ ላይ።

«ንጹሕ ነው ጋሼ፣ ትናንት ነው ያጸዳሁት።»

«ንጹሕ ነው የማይል ሰው አላጋጠመኝም» አሉና ተቀበሉኝ። ቫይረስ አጡበት። ከዚያ «ኃላፊነቱን ወስጃለሁ» ብለው በመዝገባቸው ላይ ፈረሙልኝ፤ ለዚያ ሳምንት ብቻም በትርፍ ሰዓት እንድገባ ፈቀዱልኝ።

አሥራ ስምንቱም ላይ ስጭን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ የሥራውን ቅደም ተከተል በሰሌዳው ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። መጀመሪያ «ክብ» የሚለውን ምሳሌ ክፈቱ። ሰማያዊ ክብ ታያላችሁ። ቀለሙን የሚወስነውን ቁጥር ፈልጉና ለውጡ። ሴቭ አድርጉ። ክቡ ቀይ ይሆናል።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹ መጡ። ክቡን ከፈቱ፣ ቁጥሩን ለወጡ፣ ሴቭ አደረጉ። ክቡ አልቀላም። እንደገና ሞከሩ። አልቀላም። እኔ ራሴ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ አንዱ እየዞርሁ ሞከርሁ። አሥራ ስምንት ሰማያዊ ክቦች ፊት ለፊቴ ተደርድረው ያዩኛል። ላፕቶፔን ከፍቼ ያንኑ ሳደርግ ወዲያው ቀላ።

ችግር ሲገጥመኝ በሥርዓት ነው የምፈልገው። መጀመሪያ የኮምፒውተሮቹ የሥዕል አቅም ደካማ ይሆናል ብዬ የሥዕሉን መስኮት አሳነስሁ። አልሆነም። አንቲቫይረሱ ይሆናል ብዬ ጋሼን አስፈቅጄ ለጊዜው አጠፋሁት። አልሆነም። ረቡዕ ጠዋት ክፍል ባልነበረኝ ሰዓት ፕሮግራሙን ከሁሉም ላይ አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ። ክቡ አሁንም ያው ነው።

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ሆነው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬም ሰማያዊ ነው?»

«ዛሬም ሰማያዊ ነው ጋሼ።»

«ሰማያዊ ምን አለበት ታዲያ? ሰማዩም ሰማያዊ ነው።»

«ነገ ምክትሉ ሊያዩ ይመጣሉ'ኮ!»

«እሱስ ያስጨንቃል» አሉ ሳቃቸውን ትተው። «ፊርማው የእኔ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት ተማሪዎቹን እንደገና ሰበሰብኋቸው። አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምረን፣ እኔ እያነበብሁ እነሱ እየተከተሉ፣ አንድም ሳንዘል እንድንሄድ አደረግሁ። መሃል ላይ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ክቡን ሳትከፍት ባዶ ገጽ ላይ ስትጽፍ አየኋት።

«አንቺ፣ ምሳሌውን ክፈቺ ነው'ኮ ያልሁት።»

«ክቡ ሰለቸኝ ቲቸር» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ!»

«ቅደም ተከተል አለው። ከመጀመሪያው ካልጀመርሽ…»

ሳልጨርስ ሴቭ አደረገች። የስክሪኗ ቀኝ ግማሽ ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

ከጎኗ የነበሩት ጮኹ። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። «አረንጓዴ አድርጊው» አልኋት። አደረገችው። «ወደ ቀይ መልሺው።» መለሰችው። አሁን የማውቀው ነገር ነበረኝ፦ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ ፕሮግራሙም ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ከፍላሽ የመጣው ምሳሌ ብቻ ነው። ፎልደሩን ከፍቼ የእሷን ፋይል ከምሳሌዎቹ ጋር አስተያየሁ። ልዩነታቸው አንድ ነበር። የምሳሌዎቹ ሥዕሎች የተሠሩበት ቀን ከእሷ ፋይል ቀን በሰባት ዓመት ይበልጣል። የሥዕሎቹ ቀን ገና ወደፊት ነው ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መጻፊያ በከንቱ አይደክምም። ሴቭ ሲደረግ መጀመሪያ ሁለት ቀኖች ያስተያያል፦ ጽሑፉ የተጻፈበትን ቀንና ሥዕሉ የተሠራበትን ቀን። ጽሑፉ ከሥዕሉ በኋላ ከሆነ እንደገና ይሥላል። ሥዕሉ ከጽሑፉ በኋላ ከሆነ ግን «አዲስ ነገር የለም» ብሎ ይተወዋል። ምሳሌዎቹ ከነሥዕላቸው የመጡት ከእኔ ላፕቶፕ ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የክፍሉ ኮምፒውተሮች ግን ኅዳርን ሦስተኛ ወር፣ ዓመተ ምሕረቱንም የእኛን ዓመተ ምሕረት ነበር የሚሉት። ስለዚህ እኛ ያን ዕለት የጻፍነው ሁሉ ለፕሮግራሙ የሰባት ዓመት አሮጌ ነበር።

ቀኑን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። በእያንዳንዱ ስክሪን ጥግ ተጽፏል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከዚያው አይቼ ሰሌዳው ላይ ቀን ጽፌያለሁ። ያላስተዋልሁት ትክክል ስለነበረ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት ይታየኝ ነበር።

ያን ሰዓት ግን እንዲህ አላሰብሁም። ብድግ ብዬ በክፍሉ መሃል ጮኽሁ።

«ይህን ቀን ማን ነው ያበላሸው?»

ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ግን አላበላሸሁትም። አስተካከልሁት።»

ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩን ነገሩኝ። በፊት ኮምፒውተሮቹ በደብዳቤ ላይ ቀን በራሳቸው ሲያትሙ በፈረንጅ ያወጡ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሄደች። እዚያ ቢሮ ያለው ሰው ቀኑን አይቶ «ይህ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ መለሳት። ልጅቱ ደርሳ ተመልሳ ጋሼ ፊት አለቀሰች።

«ከዚያ ወዲህ እኔው አስተካክላለሁ። በየወሩ መጨረሻ፣ አንድ በአንድ።»

«አሥራ ስምንቱንም?»

«አሥራ ስምንቱንም። የእኛ ወር ሠላሳ ነው፤ የእነሱ አንዳንዱ ሠላሳ አንድ ይላል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ወር ስለሆነ የእነሱ ፌብሩዋሪ እየመሰለው ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን ከነጭራሹ አልቀበልም ይላል። እነዚያን ሁለት ቀናት ደብዳቤ አናትምም።»

«ጳጉሜን ላይስ?»

«ጳጉሜን ላይ አልከፍታቸውም» አሉ ፍርጥም ብለው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በልጆቹ ፊት…»

«ተይው። ይልቅ ነገ ምን ልታደርጊ ነው?»

ምክንያቱን ያወቅሁትን ችግር መፍታት ደስ ይለኛል። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ የአሥራ ስምንቱንም ቀን ወደ ፈረንጅ መመለስ ነው። ትክክለኛው አሠራር እሱ እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ አስረዳኋቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ዓርብ ማስረጃ የሚወስዱት ልጆችስ?» አሉ። ሁለተኛው መንገድ ከምሳሌዎቹ ጋር የመጡትን አሮጌ ሥዕሎች ማጥፋት ነው። ሥዕል ካጣ ፕሮግራሙ ራሱ አዲስ ይሠራል፤ አዲሱም የዚያን ክፍል ቀን ይይዛል።

እሱን መረጥን። እኔ እያጠፋሁ፣ እሳቸው የጨረስነውን ኮምፒውተር ልብሱን እያለበሱ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። የመጨረሻውን ሳይሸፍኑት ቁጥሩን ለወጥሁና ሴቭ አደረግሁ። ክቡ ቀላ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዣንጥላቸውን በሩ ላይ ትተው ገቡ። ቀጥታ ሄደው ባዶ ገጽ ላይ ከጻፈችው ልጅ አጠገብ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉና ነው።»

«ጉና ሐምራዊ ነው እንዴ?»

«ጠዋት ከእኛ ቤት ሲታይ ሐምራዊ ነው።»

«እስቲ አረንጓዴ አድርጊውና ልይ።»

ልጅቱ ሁለት ቁጥር ነክታ ሴቭ አደረገች። ተራራው አረንጓዴ ሆነ። ምክትሉ ጎንበስ አሉ። «የትኛው ነው ቁጥሩ?» ብለው፣ ልጅቱ የብርሃኑን መጠን የሚወስነውን ስታሳያቸው ራሳቸው ዘጠኝ ጻፉበትና ሴቭ አሉት። ተራራውም ሰማዩም ነጭ ሆኖ ጠፋ።

«በረዶ ጣለበት» አለ አንዱ ከጥግ። ሳቁን የያዘ ሰው አልነበረም፤ ምክትሉም ሳቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማክሰኞ አልሠራም ሲባል ሰምቼ ነበር። ምን ሆኖ ነው?»

«ፋይሎቹ ላይ ትንሽ…» ብዬ ስጀምር ጋሼ ቀደሙኝ።

«በእኔ ነው» አሉ። ከዚያም የቀኑን ነገር፣ ወደ ገሳይ የሄደችውን ልጅ፣ የወሩን መጨረሻ ሁሉ ቆመው ተናገሩ። ምክትሉ አፋቸውን ይዘው አዳመጡ።

«ይሄ ሁሉ ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ኮምፒውተሮቹ በእኛ አቆጣጠር ተሠርተው የመጡ ይመስለኝ ነበር!»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ጋሼም አብረው ሳቁ። ምክትሉም ከእንግዲህ ማስረጃ በጋሼ ኮምፒውተር ብቻ እየታተመ እሱ እንዳለ እንዲቆይ፣ ሌሎቹ ወደ ፈረንጁ ቀን እንዲመለሱ ወሰኑ። ለቢሮ ሠራተኞቹ ሥልጠና ሌላ ቀን እንደሚፈልጉም ተናገሩ።

«ሐሙስ ያንቺ ነው» አሉኝ ዣንጥላቸውን እያነሡ። «በየሳምንቱ።»

ሲወጡ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ተማሪዎቹ ቦርሳቸውን ማንሣት ጀምረዋል።

«ወዴት ነው?» አልኋቸው። «አርባ አምስት ደቂቃ አለን። ጉና ላይ ጉም እናምጣና እናንቀሳቅሰው።»

ሰሌዳውን አጥፍቼ ከላይ ጀመርሁ።