ለእህቴ የወጣው ወንበር፦ ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር ለአቤቱታ

ለእህቴ ለጥሩወርቅ በዕጣ የወጣላትን የመኪና ወንበር «ዓይኗ ደክሟል» ብለው ለሌላ ሰው ሰጡባት። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንደ ቀልድ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። እኔ ዘውዴ እባላለሁ። የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፤ ስድስት የልጅ ልጆች አሉኝ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቀሰምሁት ነው፤ ለዚህ ግን ይበቃኛል።

የጽዋ ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ገዳም ይሳለማል። ዘንድሮ መላኩ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ሌላ ነገር አሰበልን። መላኩ በደቡብ አገር አስጎብኚ ነው። እዚያ በሁለት ሐይቆች መካከል ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፤ የሜዳ አህያው፣ ቆርኬው፣ ሚዳቋው እንደ ከብት ተሰማርቶ ይውላል አለን። ከጥምቀት በኋላ ኑ፣ ጣሪያው በሚከፈት መኪና አዞራችኋለሁ አለ። ወንበሩ ሰባት ነው። እኛ ሃያ ሦስት ነን።

ስለዚህ የቅርጫ ሥጋ ስንካፈል እንደምናደርገው ዕጣ ጣልን። ሁሉም ምልክቱን ሰጠ፤ እኔ የሣጥኔን ቁልፍ፣ ጥሩወርቅ ከእንዝርቷ የተሰበረች ስንጥር። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማታውቅ፣ ውሃ ቀድታ የምታልፍ ሴት አስቁመን ሰባቱን ከቅል ውስጥ አስወጣናት። የእኔ ቁልፍ አልወጣም። አልወጣም፤ ምን አለበት። የእህቴ ስንጥር ግን አራተኛ ሆና ወጣች። ቄሱም አሳርገው ተለያየን።

የጥሩወርቅ አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛው እስከ ክረምት ቢቆይ ነው ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ የዓይን ግፊት ነው፣ በቀዶ ጥገና አይመለስም። አሁን ቀረብ ያለና ደመቅ ያለ ነገር ታያለች። የሜዳ አህያው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው ሲሏት፣ መጀመሪያ ማን ቀለም ቀባው ብላ ተከራከረች። ኋላ ግን «ጥቁርና ነጭ ከሆነስ እሱን አላጣውም» አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም።

በኅዳር መጨረሻ ስም ዝርዝሩ ሲነበብ በእህቴ ቦታ የአቶ ይርጋ ባለቤት ተጠራች። አቶ ይርጋ የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ነው፤ ለእሱ ዕጣው ወጥቶለታል፣ ለባለቤቱ ግን አልወጣላትም ነበር። ዝርዝሩን ያነበበው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ወገቡን ሊታጠብ ከባለቤቱ ጋር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል ተባለ። እስኪመለስ አልጠበቅሁም፤ ያለበት ድረስ ልሄድ ተነሣሁ።

ማለዳ፣ መናኸሪያ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አሁን አሁን ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «መንገዱ እንዴት አደረ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሰላም ነው አሉ፤ ተሳፈርሁ። ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ሊደርብ ሲል አልጠጋም አልሁ። «እማማ፣ ትንሽ ሰብሰብ ይበሉ» አለኝ። ሰባ ዓመት ተሰብስቤ ኖሬአለሁ፣ ዛሬ ተዘርግቼ እሄዳለሁ ብዬ መለስሁለት። መኪናው ሳቀ፤ አራተኛው ሰው ግን ተደረበ።

መንገዱ እስከ አንበሳሜ ይጠመዘዛል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች ይሽከረከራሉ። ገብሱ ከተወቃ ሰንብቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ ለገና የሚሸጠው አውራ ዶሮ ታቅፎ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ስለ ዱር እንስሳ ጉብኝቱ ነገርሁት። ብዙ አሰበና፣ አንበሳ ለማየት ከሆነ አንበሳሜ ልንደርስ ነው፣ እዚሁ ይውረዱ አለኝ። ቀጥሎ ግን ቀልዱን ተወና፣ በዕጣ የወጣ ነገር ሲነጠቅ በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እነሱ አገር የእርሻ መሬት እንኳ በዕጣ ሲካፈሉ፣ ድንጋያማው የደረሰው ድንጋዩን ለቅሞ ያርሳል እንጂ አይለወጥም። ይህ ቃሉ ስንቅ ሆነኝ።

አንበሳሜ ገበያው ቆሞ ነበር። ጾም ነውና በሽሮ በልቼ ወደ ሐሙሲት ቀጠልሁ።

ወንዛዬ

ከሐሙሲት ወንዛዬ ድረስ አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ነጠላዬ መልኩን ለወጠ። ፍል ውሃው ጋ ስደርስ እንፋሎቱ ከድንጋዩ ሥር ይወጣል፤ ሰው ወንዱ በወንድ፣ ሴቱ በሴት ተራ ይዞ ተቀምጧል። በክራንች የሚሄድ ሰው መጣ። ማንም ሳያዝዝ ከፊት ያሉት ተነሡና «ደካማ ይቅደም» አሉት። ሳያመነታ አለፈ።

አቶ ይርጋ ውሃ ውስጥ ነው አሉኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። ባለቤቱ ፎጣ ይዛ ከወዲያ ስትመጣ አየችኝና መንገድ ለወጠች። እሱ እኛ ሰፈር ያደገ ነውና አንተ እለዋለሁ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ምነው በደኅናዎ?»

«የእህቴን ወንበር ፈልጌ ነው።»

ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፤ ተቀምጫለሁ አልሁት። ያን ጊዜ ነገሩን ወደ መላኩ ገፋው። ዓይናቸው ደኅና የሆነ ሰዎች ብቻ አምጡ ያለ መላኩ ነው፣ መኪናው የእሱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አለ። ደግሞስ ያን ያህል አገር አቋርጣ ሄዳ ምን ልታይ ነው? ሰዎች መሰብሰባቸውን ሲያይ ጨመረበት፦

«የሜዳ አህያው እንደሆነ አይዳሰስ።»

ሳቁለት። እኔም ዕጣው ሲወጣ የማንንም ዓይን አላስለካንም አልሁት። የአንተ ወገብስ ለሦስት ቀን መኪና ይሆናል ወይ? ሳቁ ወደኔ ዞረ። ግን ሳቅ ወንበር አያስመልስም፤ የዚያኑ ቀን ባሕር ዳር ገባሁ።

ባሕር ዳር

መላኩ ጉዟችን እስኪደርስ ከደቡብ መጥቶ እዚህ ሰንብቷል፤ የተከራያት ክፍል ከመናኸሪያው ብዙም አትርቅም። ጉልበቴን ስሞ አስገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ የእኛኑ ጉዞ እያቀደ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ከመናገሬ በፊት ይገልጽልኝ ጀመር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንነሣለን፤ ፀሐይ ከበረታች እንስሳው ጥላ ይይዛልና። መኪናው ከመንገዱ አይወጣም፤ ማንም አይወርድም። ነጭ ነገር ከሩቅ ያብለጨልጫልና ነጠላና ነጭ ጋቢ መኪና ውስጥ አይለበስም። ይህን ለማኅበሩ ሴቶች የሚነግርልኝ ጠፋ አለ። እኔም ከአንበሳው ይልቅ እነሱን ፍራ አልሁት።

ከዚያ ጥያቄዬን አቀረብሁ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኔ እንዲህ አልሁ አሉ?»

«አሉ።»

«እኔ ያልሁት፣ እማማ፣ ዝም ማለት የሚችል ሰው አምጡ ነው። ሰው ሲጮኽ መንጋው ይሸሻል።»

ከሃያ ሦስታችን ዝም ማለት የምትችለው ጥሩወርቅ ብቻ ናት። ይህን ስነግረው ሳቀና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የሜዳ አህያ መኪና ብዙም አይፈራም አለኝ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከተጠበቀ አንዳንድ ጊዜ መንገዱ ዳር ድረስ ይመጣል። እህቴን በግራ በኩል መስኮት ዳር ያስቀምጣታል፤ ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላ ስትመጣ ጥቁሩና ነጩ ይለይላታል። ስሟን ጻፈ፤ በጣቴ ነክቼ አረጋገጥሁ።

ቀጥሎ ስልክ አወጣና እኔ ፊት ለአቶ ይርጋ ደወለለት፤ ድምፁን ለእኔ ከፈተልኝ። አላልሁም አለው በጨዋ ደንብ። አቶ ይርጋም ምክንያቱን አመጣ። ባለቤቱ እሱ ሄዶ እሷ መቅረቷ ከብዷት እንደነበር፣ አርባ ዓመት አብረው ኖረው አንድም ቀን ለጉብኝት ወጥተው እንደማያውቁ ተናገረ። እውነቱን ይሆናል። ሲጨርስ ግን እንዲህ አለ፦

«በሉ እንግዲህ፣ ለጽድቅ ብለን እንውሰዳት።»

ለጽድቅ አይደለም አልሁት፤ በዕጣ ነው። ዕጣዋ ነበር፣ ወሰድሁባት በል።

«እትዬ፣ ወንበሩን ካገኙ ቃሉ ምን ያደርግልዎታል?»

ሁለተኛ ጠየቅሁት፤ ደግሞ ይኸንኑ መለሰ። ሦስተኛ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውሁት። እስከ ክረምት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ወንበሩ ይያዝ አልሁና ስልኩ ተዘጋ። መላኩ «አሸነፉ» አለኝ። የነጠላዬን አቧራ አራግፌ ተነሣሁ።

መልስ

የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ በወረታ በኩል ተመለስሁ። ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል። ከወረታ ወዲያ አቀበቱ ሲጀምር መኪናው እያቃሰተ ወጣ። ባሕር ዳር ለጥሩወርቅ አመድማ ሻርፕ ገዝቼላት ነበር፤ ነጭ አይደለም፣ እንስሳውን አያስበረግግም። ሻርፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። የወሰደ ሰው ዕቃውን ለመመለስ አይቸገርም፤ የሚቸገረው ወሰድሁ ለማለት ነው። በዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህንን ነው። በሰባ ዓመት ሳላውቀው መቅረቴ ይገርመኛል።

ቤት ስደርስ ጥሩወርቅ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ለመፍተል ዓይን አያሻትም። ሻርፑን አለበስኋት። ወንበሩ ተመለሰ፣ በግራ በኩል መስኮት ዳር ነሽ አልኋት። ፊቷ በራ። «ምን ብሎ መለሰው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ሁሉንም ነገርኋት፤ ውሃው ጋ የሳቁትን፣ መላኩ ያለውን፣ «ለጽድቅ» የሚለውንም። ሦስተኛ ሳልጠይቅ መተዌንም አልደበቅሁም። እንዝርቷን አቆመች። ያዘነች መስሎኝ ቃሉን እርሺው፣ ሄደሽ እይ፣ ይኸው ክረምት ሳይገባ አልኋት። እንዲያውም ለመንኋት ማለት ይቻላል። ሰምታኝ ስታበቃ መለሰች፦

«እታለሜ፣ እኔ የምሄደው ለማየት ነበር። ለጽድቅ ተብዬ ከሄድሁ ግን ስድስቱም እኔን ነው የሚያዩት፤ አየች ወይስ አላየች እያሉ። እንስሳውን ማን ሊያየው ነው? የይርጋ ሚስት ትሂድ።»