የሰላም ቀሚስና የእማዬ ዳንቴል

ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ማዶ ኦሮራ በምትባል ከተማ ስንኖር፣ ታላቅ እህቴ ሰላም የቶኪዮ ልጃገረዶች የሚለብሱትን ካልለበስኩ ባይ ነበረች። ሃቫና ስትሪት ካለ የእስያ ሱቅ የጃፓን ፋሽን መጽሔት ትገዛና ምንጣፉ ላይ በሆዳችን ተኝተን እንገልጠዋለን። ወረቀቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ጽሑፉን ማናችንም አናነበውም፤ ዓይናችን እንደ አሻንጉሊት ልብስ በተነፋው ቀሚስ፣ በረጅሙ ካልሲና በየጠርዙ ባለው ዳንቴል ላይ ነበር።

እማዬ እንግልውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። ደክሟት ገብታ ሰላምን ከላይ እስከ ታች ታያትና እንዲህ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን እንደማትወስዳት ትነግራታለች። ሰላምም ካልሲዋን ከማውለቅ ቤት መቅረትን መረጠች። እሁድ እሁድ ከእማዬ ጋር ብቻዬን መሄድ ለመድኩ።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ላይ፣ የጃፓኖች በዓል ነበር፤ ወጣቶች ራሳቸው የሰፉትን ለብሰው መድረክ ላይ ይወዳደራሉ። ሰላም ከአሮጌ መጋረጃ ቀሚስ ሰፋች። በዋዜማው ከውጭ ስገባ ቴሌቪዥናችን ራቁቱን ቆሟል። እማዬ ተማሪ ሳለች በእጇ ሠርታ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ተቆርጦ ቀሚሱ ጠርዝ ላይ ተሰፍቷል።

እማዬ ስታየው አልጮኸችም። ባዶውን ቴሌቪዥን በመዳፏ ዳሰስ አደረገችና መኝታ ቤቷ ገባች። ሰላም እያለቀሰች በዓሉ ይቅርብኝ አለች።

ጠዋት ግን እማዬ የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ውጡ አለችን። ፓርክ አድርጋ ስንወርድ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ተቀበለን። በየጥጉ እንደ ሰላም የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ሮዝ የተቀቡ ልጆች ይስቃሉ። እማዬ ቆማ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ሰላም ፊት ተንበረከከችና ጠርዙን ያዘች።

«ገልብጠሽ ነው የሰፋሽው» አለቻት። «ፊቱ ይሄኛው ነው።»

«ሶሪ፣ ማሚ።»

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ መርፌው ይወጋሻል።»

ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ ዳንቴሉን አዙራ ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ሰላም አላሸነፈችም። እሁድ ግን ካልሲዋን እንዳደረገች አብራን መኪና ውስጥ ገባች፤ እማዬም ከላይ ነጠላ ደረበችላት።

አሁን ልጄ እንዲህ ያለ ቀሚስ ሲያምራት በስልኳ ታዛለች፤ ከጃፓን ድረስ ተጠቅልሎ ደጃችን ይመጣል። ልኳ ነው፣ ያምርባታልም። እኔም ጎሽ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ስለ እሱ የሚጣላ የለም፤ ተንበርክኮ የሚያስተካክልም የለም።