ቀብድ ብረት ነው

ሰቆጣ ውስጥ ቤቱን ከባንክ ዕዳ ያለ ጊዜው አውጥቶ፣ ወር ሳይሞላው በር አጥቶ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ያደረ ጅል አለ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ወሬው በሌላ ሰው ስም ሲወራ ሰምቼም ዝም ብዬ አውቃለሁ። ሥራዬ ደግሞ በር መሥራት ነው። ዳቦ ጋጋሪ ሆኜ ቢሆን ትንሽ ይቀል ነበር።

ብየዳ የጀመርኩት ጋሽ ኪዳኔ የሚባሉ ሰው ብረት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቱቦላሬ የሚሉትን የብረት ቱቦ አስያዙኝና፣ "ብልጭታዋን እንዳታያት" አሉኝ። እኔ ደግሞ አትይ የተባልኩትን ካላየሁ አይሆንልኝም። ሌሊቱን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ስሄድ፣ ጋሽ ኪዳኔ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳቁ።

"አየሃት?"

"አየኋት።"

"በል አሁን ተቀጥረሃል።"

እዚያው ሳምንት አንድ ሰው ለመስኮት ቀብድ ከፈለ። ጋሽ ኪዳኔ ብሩን ሳያጥፉት ለእኔ ሰጡኝና ላሜራ ግዛ ብለው ላኩኝ። "ምሳ እንኳ ሳንበላበት?" አልኳቸው። እሳቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ስማኝ ደሳለ። ቀብድ ብረት ነው፣ ብር አይደለም። ኪስህ ውስጥ ካደረ ግን ብር ይመስልሃል።" ለቀልድ ያሉት መስሎኝ ሳቅሁ። ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

መጀመሪያ ያዥ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ ከዚያ በያጅ ሆንኩ። ሲቆይ የራሴን ብረት ቤት ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቼ ከባንክ ተበድሬ ቤት ሠራሁ። ካርታው ለመያዣ ባንክ ገባ፣ እኔ ደግሞ በየወሩ እየከፈልኩ ቤቴ ገባሁ።

የቤቱን በር ራሴ ሠራሁት። እንደዚያ ያለ መዝጊያ ለማንም ሠርቼ አላውቅም። ላሜራው ወፍራም፣ መሐሉ ላይ የፀሐይ ጨረር፣ ከላይ ደግሞ በብረት ፊደል "የደሳለ ቤት" የሚል ጽሑፍ። ባለቤቴ ንግሥት አየችውና፣ "ለማን ነው የምትጽፈው? እኔ መግቢያዬን አውቀዋለሁ" አለች።

ነገሩ የተበላሸው ጠላ ቤት ነው። ፈንታ የሚባል አናጢ ጓደኛ አለኝ፣ ሱቁ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። እሱ የእንጨት በር ይሠራል፣ እኔ የብረት፤ ስለዚህ ዕድሜ ልካችንን ስንሰዳደብ እንኖራለን። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "ደሳለ፣ በርህ ላይ የጻፍከው ውሸት ነው" አለኝ። "ቤቱ የባንክ ነው። አንተ ዘበኛው ነህ። ያውም ደመወዝ የሚከፍል ዘበኛ!"

ጠላ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ስደርስ ግን በሩ ላይ የጻፍኩትን ቀና ብዬ ሳላይ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ዘበኛው" ሆነ። ሰላምታው "ዘበኛው፣ ደህና አደርክ?" ነው። ያን ጊዜ የባንኩን ዕዳ ቶሎ ዘግቼ ካርታዬን ካላወጣሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ንግሥት በቤታችን ያለውን ዕዳ ሁሉ በጣቷ ታውቀዋለች። "መጀመሪያ ለጋሽ ሰይድ ክፈል" አለችኝ። ጋሽ ሰይድ በዱቤ ብረት የሚሰጡኝ ነጋዴ ናቸው። "እሳቸው ከዘጉብህ ሥራህ ይዘጋል። ቀጥሎ የዘይትና የስኳሩን ዱቤ። እቁቡንም አታጓድል። ባንኩ እንደሆነ በየወሩ ሲከፈለው ዝም ይላል።"

"ወለዱስ? ወለድ እኮ ነው የሚበላን!"

"ፈንታ ባይስቅብህ ኖሮ ወለዱ ትዝ ይልህ ነበር?"

 ስለዚህ ተቆጣሁ።

ነሐሴ ላይ እትዬ ዝማም የሚባሉ ሴት ከሰቆጣ ወዲያ ካለው ከዝቋላ ወረዳ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣንኛ ነው፣ አማርኛቸው ቁጥብ ነው፤ የማያስፈልግ ቃል አያወጡም። ልጃቸው ሐዳስ ሰቆጣ ትምህርት ቤት እንድትማር ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ቤት አሠርተውላታል። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ የቀረው በር ነው።

"በር በሌለው ቤት ልጃገረድ አላሳድርም" አሉኝ። "ትምህርቱ ይቀራል እንጂ አላሳድርም። ታደርሳለህ?"

"እትዬ፣ ዕንቁጣጣሽ እንዳለፈ ይምጡ። በሩ ራሱ እንዴት አደሩ ብሎ ይቀበልዎታል።"

አልሳቁም። ከመቀነታቸው ጫፍ የቀብዱን ብር ፈትተው ሰጡኝ። ፍየል ሸጠው ያገኙት ነው፣ ብሩም ፍየል ፍየል ይሸታል።

እዚያው ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። እጄ ላይ የሁለት ሌሎች ደንበኞች የመስኮት ቀብድም ነበር። የእቁቡንና የቀብዱን ብር አንድ ላይ ሳየው፣ የባንኩን ቀሪ ዕዳ ልክ ይዘጋል። ጋሽ ኪዳኔ እንዳሉት ኪሴ ውስጥ አደረ፣ ሲነጋም ብር መሰለኝ። የእትዬ ዝማምን በር መስከረም ሲጠባ በዱቤ ብረት እሠራዋለሁ ብዬ ወደ ባንክ ሄድኩ።

የባንኩ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነው። "አቶ ደሳለ፣ ቀሪውን አሁን ከዘጉ የወደፊቱ ወለድ ይቀርልዎታል" አለኝ። "ግን ሌላ ዕዳ የለብዎትም? ቤት ውስጥ፣ ሥራ ላይ? ካለብዎት ባይቸኩሉ ይሻላል።"

"እኔ? ምንም የለብኝ!" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከፈልኩ። የቤቱ እግድ ተነሳ፣ ካርታዬን ታቅፌ ወጣሁ። በቀጥታ ጠላ ቤት ገብቼ፣ "ዛሬ ዘበኛው ሥራ ለቋል!" ብዬ ሁሉንም ጋበዝኩ። ግብዣውም በዱቤ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። "ለአንድ በር የሚሆን ላሜራና ቱቦላሬ፣ በዱቤ" አልኳቸው።

"የድሮውስ?"

"ይከፈላል። ካርታዬን አውጥቻለሁ እኮ ጋሽ ሰይድ! ቤቴ የራሴ ሆኗል።"

"ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አለህ" አሉ፣ ከልባቸው። "ታዲያ ካርታውን በይደው።"

ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ፣ እሱም የጋሽ ሰይድን ዕዳ ሰምቷል። ትንሽ ከተማ ነው ያለነው።

ዕንቁጣጣሽ አለፈ። እትዬ ዝማም ከሐዳስ ጋር ፍራሽና ዱቄት በአህያ ጭነው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ከዝቋላ ተነስተው ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት በእግራቸው ነው የመጡት።

"በሩስ?" አሉኝ።

"እትዬ ምን ላድርግ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ያለ መብራት ብየዳ የለም።"

እትዬ ዝማም ቀና አሉ። ሐዳስም ቀና አለች። አህያዋ ብቻ ናት ያላየችው። ከራሴ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ማዶ ደግሞ የፈንታ መላጊያ ማሽን ይጮሃል።

"ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው ታዲያ?" አሉኝ አምፖሉን እያሳዩ።

በዕድሜዬ ቀልድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ያን ቀን ጠፋብኝ። እትዬ ዝማም ለልጃቸው በኽምጣንኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቷ ፈትታው የነበረውን የጭነት ገመድ መልሳ ማጥበቅ ጀመረች።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"እንመለስ።" ቀና ብላ አላየችኝም። ለአህያዋ የምትነግር ይመስል፣ "ትምህርቱ ሰኞ ነው የሚጀምር" አለች።

"እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ዘመድ ዘንድ ይደሩ። ነገ በሩ ይገባል" አልኩ።

"በምን ልመንህ?"

እውነታቸውን ነው፤ በምን ይመኑኝ? "እስከ ነገ ይታገሡኝ" ብዬ ሜትሬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የገዛ በሬን ለካሁ። ከእሳቸው መግቢያ ትንሽ ይሰፋል፣ ጠርዙ ቢቆረጥ ግን ልክ ይመጣል። ለንግሥት ያደረግሁትን ሁሉ፣ የቀብዱንም የባንኩንም፣ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አጣፋች፣ መዝጊያውን ከማጠፊያው ስነቅለው አንደኛውን ጫፍ ያዘች። ተሸክመን ስንወጣ ነው ቃል የተነፈሰችው። በባዶው መግቢያ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ "ካርታውን እዚህ ስቀለው" አለችኝ።

መዝጊያውን ቆረጥኩ፣ መቃኑን ከቁርጥራጭ ብረት በየድኩ። ቀጥሎ ጽሑፉን መፋቅ ያዝኩ። ሰው ቤት ላይ "የደሳለ ቤት" ተብሎ ቢገኝ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰቆጣ ደግሞ ቅምጥ አለችው ለማለት አንድ ቀን አይፈጅባትም። "የደሳለ" የሚለውን ፍቄ ስጨርስ የመፋቂያው ዲስክ አለቀ። ሌላ ለመግዣ ሳንቲም አልነበረኝም። "ቤት" የሚለው እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ዘመድ ዘንድ አድረው ሲመጡ በሩን ገጠምኩት። ሐዳስ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። አንጋጣ ፊደሉን አነበበችና፣ "ቤት መሆኑንማ እናውቅ ነበር" አለች። እናቷ ግን አልሳቁም። ገብተው ከውስጥ ቆለፉት፣ በትከሻቸው ገፍተው ሞከሩት፣ ከፍተው ወጡ። "ይዟል" አሉ። 

የኔ ቤት ብርድ ልብስ ተሰቀለበት። ሌባ እንዳይገባ መግቢያው ላይ ዱላዬን ይዤ መተኛት ጀመርኩ። ጠዋት ፈንታ ሲያልፍ እንደ ልማዱ፣ "ዘበኛው፣ ደህና አደርክ?" ብሎ ዞር ቢል ባዶውን መግቢያና እኔን አየ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። "ደህና" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ልኬ ነበር።

ያን ሰሞን ሱቄን ዘግቼ፣ ድሮ ለኔ ብረት ይይዝ የነበረ ሰው ብረት ቤት በቀን ሥራ ገባሁ። ደግ ሰው ነው፣ "ጌታዬ" እያለ ነው የሚያዘኝ፤ ከስድብ የባሰው እሱ ነበር። ከማገኘው ለጋሽ ሰይድ ከፈልኩ፣ እቁቤን ጣልኩ። የሁለቱን ደንበኞች ደጅ እየዞርኩ መብራት ጠፍቶ ሳልል እውነቱን ነገርኳቸው። አንዱ ሰድቦኝ ጠበቀኝ፣ ሌላው ሳይሰድበኝ ቀብዱን መልሶ ተቀበለኝ። የኔ በር ከሰልፉ መጨረሻ ነበር።

የባንክ ዕዳ ቀድሞ መክፈል መጥፎ ነገር አይደለም። ትንንሹ ዕዳ ካለቀ በኋላ፣ በራስ ብር ይከፈላል። ቀብድ የተቀበላችሁ ዕለት ግን ብረቱን ግዙ። እኔ የማውቀው ይኸን ነው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከብርድ ልብሱ ውጭ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው ይጠጋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ብገልጠው እትዬ ዝማም ናቸው። "ላንኳኳ ብዬ የሚንኳኳ አጣሁ" አሉ።

የመጡት የበሩን ቀሪ ሒሳብ ሊከፍሉ ነው። እኔ ቀሪ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ባዶውን ማጠፊያ በጣታቸው ነኩት፣ መቃኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"የኔ በር ከዚህ ነው የመጣ?"

"አዎ እትዬ።"

 ከመቀነታቸው ጫፍ ብሩን ፈቱ።

"እትዬ፣ ይተዉት። ላንገላታሁዎት ይሁን" አልኩ። እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ፣ እንደ ሕፃን።

ጎትተው አወጡት፣ ብሩን መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። ቀብዱን ባንክ የማስገባቴ ወሬ በሐዳስ በኩል ደርሷቸው ኖሯል።

"እንካ" አሉኝ። "ይኸን ደግሞ ለባንክ እንዳትሰጠው።"