ስድስተኛው ስም

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ፣ ስኔልቪል ያለውን የአባቴን ቤት ላጸዳ ሄጄ ክሎዜቱን ስከፍት፣ ከኮቶቹ ሥር የተጠቀለለው ቡናማ ቀበቶ ገና ሳላየው የቆዳው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ የአርባ ዓመት ሴት፣ የልጅ እናት፣ እጄን ወደ ጀርባዬ ላክሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠራ፣ ባለመኪናዎቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው በጣት ሲጠቅሱት ይከርምና፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ሳሎን መሃል ገትሮ ሰባት ቤት ያስቆጥረኛል። ከበደ፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ዓለሙ፣ ብሩ እላለሁ፤ ስድስተኛው ላይ ምላሴ ይታሰራል፣ ቀበቶው ይፈታል።

ጎረቤታችን ሚስተር ፍሌቸር የሣር ማጨጃ ሲጠግኑ የሚውሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። አስተማሪያችን የአንድ የእንግሊዝኛ የቤተሰብ ስም ታሪክ አጥኑ ስትለን የእሳቸውን መረጥኩ። ፍሌቸር ማለት በጥንት እንግሊዝ አገር ፍላጻ የሚሠራ ሰው እንደሆነ፣ ልጅ ከአባቱ ሙያውንም ስሙንም ይወርስ እንደነበር መጽሐፍ ላይ አገኘሁና፣ እየሮጥኩ ሄጄ በአጥሩ ላይ ነገርኳቸው። ሳቁና ከዘራቸው ፍላጻ የሠራ እንደሌለ፣ የተወጋ ግን እንዳለ ነገሩኝ። እኔ ምኑ ይገባኛል! እንዲያውም ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ሦስት ቆጥረው ወደ ማጨጃቸው ተመለሱ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ስድስተኛውን፣ ደምሴን፣ ረሳሁት። አባቴ ያን ቀን ለየለት፤ በዘለበቱ በኩል ጀርባዬን ሲተለትለው ጩኸቴ አጥር ተሻግሮ ኖሮ ሚስተር ፍሌቸር በሩን በትከሻቸው ገንጥለው ገቡ። አባቴ ዞሮ አፋቸውን በቡጢ አላቸው፤ ጥርሳቸው ምንጣፉ ላይ ወደቀች። እሳቸውም አንገቱን ይዘው ከግድግዳው ጋር አላተሙትና ቀበቶውን ቀሙት። የሚገርፉት መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ደም እየተፉ፣

«የአያቴን አባት የገዛው ሰው በራሱ ስም ፍሌቸር ብሎ ሲጠራው አቤት አላለም። አቤት እስኪል በእንዲህ ያለ ቀበቶ ገረፈው። እኔ ስሜን ያገኘሁት እንዲህ ነው» አሉት።

አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደምሴን እሱም በአለንጋ እንደተማረው፣ እያለቀሰ፣ ያን ዕለት ነገረን።

ከዚያ ወዲያ ማንም አስቆጥሮኝ አያውቅም። ሚስተር ፍሌቸር እስኪሞቱ ድረስ ሣራቸውን ያጨደላቸው አባቴ ነው፤ እሳቸው ጥርሷን አላስተኩም፣ በሳቁ ቁጥር ክፍተቷ ትታየን ነበር። ከዚያ በኋላ የተወለደው ወንድሜ ከአያታችን በላይ ማንንም አያውቅም፤ ጀርባው ግን ጠባሳ የለበትም፣ ያስቀናኛል።

ቤቱን ልናጸዳ አብራኝ የመጣችው የስምንት ዓመት ልጄ ቀበቶው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሰባቱንም ስም በአንድ ትንፋሽ ወረድኩት፤ ደምሴ ላይ ትከሻዬ ተሸማቀቀ። እኔንም አስተምሪኝ አለች። ቀበቶውን ጋርቤጅ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ከበደ አልኩ፣ ከበደ አለች። እስከ ብሩ ደረሰች፤ ስድስተኛውን ረሳችው። ወዲያው ቀኝ እጄ ተነሥቶ አየሁት።

እጄ ላይ ተቀመጥኩበት። አምስት ይበቃሻል አልኳት። ደምሴና ሰባተኛው፣ ጓንጉል፣ ከእኔ ጋር ይቀበራሉ።